ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት

የኪችን ካቢኔት ልታሠሩ ነው?

እኛ ስናሠራ ሠሪው በጌታ ወንድማችን ስለሆነ ውል መጻፍ አፈርን፤ ክፍያውንም በሙሉ አስቀድመን ሰጠን። ዓመት ሳይሞላው ከሲንኩ ሥር ያለው ቺፑድ ውኃ ጠጥቶ አበጠ። እኔና ባለቤቴ ተካሰስን፤ ከወንድማችንም ጋር ሰላምታችን ቀዘቀዘ።

ጌታችን ግንብ የሚሠራ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን እንዲያሰላ አስተምሯል (ሉቃስ 14፥28)። እናንተም ከሦስት ቦታ ዋጋ ጠይቁ፤ ግራናይቱንና ገጠማውን ይጨምር እንደሆነ ለዩ። ባለሙያው ቀድሞ የሠራውን ኪችን ሄዳችሁ፣ የሲንኩን ሥር ከፍታችሁ እዩ። እርጥበት የሚቋቋም ኤምዲኤፍ እንዲሆን በውል አስፍሩ። የመጨረሻውን ክፍያ ከተገጠመ በኋላ ስጡ።

ውል መጻፍ ወንድምን መጠርጠር አይምሰላችሁ። አብርሃም እንኳ የመቃብር ቦታ ሲገዛ ብሩን በሰዎች ፊት መዝኖ ከፍሏል (ዘፍጥረት 23፥16)።

ጌታ ቤታችሁን ይባርክ!