ማሾ ተሽጦ ፎርክ ይገዛ? ከአርዲቦ ዳር የመጣ ጥያቄ

የዛሬው ጽሑፍ ከሰሊጥና ከቦሎቄ ወጣ ያለ ይመስላል። ታገሱኝ፣ መጨረሻው ያው ዋጋ ነው።

ባለፈው ወር የእህቴ ልጅ ከአርዲቦ ደወለልኝ። አምስት ኩንታል ማሾ በጆንያ ቤቱ አስቀምጧል። «ጋሼ፣ አሁን ልሽጠው ወይስ ትንሽ ልጠብቅ?» አለኝ። ይህን ጥያቄ በቀን ስንት ጊዜ እንደምሰማው እናንተም ታውቃላችሁ። «ብሩን ለምን ፈለግኸው?» ስለው «ለፎርክ» አለኝ። መጀመሪያ የመኪና ዕቃ የሚያነሣው ፎርክሊፍት መስሎኝ ነበር። ለካ የብስክሌት ነው፤ የፊት ጎማውን ግራና ቀኝ የሚይዘው ባለ ሾኩ ሹካ።

ልጁ ሐሳብ አለው። ሐይቅ እስጢፋኖስን ለማየት የሚመጣው እንግዳ ገዳሙን ጎብኝቶ፣ ዓሣውን በልቶ፣ በዚያው ቀን ወደ ደሴ ይመለሳል። ትንሽ ከፍ ብሎ ያለውን አርዲቦን የሚያየው ጥቂት ሰው ነው። እሱ ደግሞ እንግዳውን በማውንቴን ብስክሌት በሁለቱ ሐይቆች መካከል ማዞር ይፈልጋል። አንድ ያገለገለ የአልሙኒየም ብስክሌት ገዝቷል፤ የፊት ሾኩ ሞላ ግን ዝጎ ደርቋል። በስልኩ ሲፈልግ በዓለም ላይ ካሉት ቀላል ፎርኮች አንዱን አገኘ፤ ሮክሾክስ ሲድ፣ 1.5 ኪሎ ገደማ፣ ውዱ ዓይነት ከ900 ዶላር በላይ። «ወላሂ ጋሼ፣ እንደ ላባ ነው ይላሉ» አለኝ። ማሾው ካልበቃ ወይፈኑን ሊጨምርበት አስቧል። እናቱ ይህን ገና አልሰማችም።

እስቲ በብር እናስላው። ከሐምሌ 2016 በፊት፣ ዶላር በባንክ 57 ብር ግድም በነበረ ጊዜ፣ 900 ዶላር ማለት 51,300 ብር ነበር። ዶላሩን 150 ብር ብታደርጉት 135,000 ብር ይሆናል፤ ቀረጡና ማጓጓዣው ገና ነው። ላኪዎቻችን በዚያ ሐምሌ ፈገግ ያሉበት ለውጥ ለእንዲህ ዓይነቱ ገዢ ተገልብጦ ነው የመጣው። «ምንም እንዳትሸጥ፣ ቅዳሜ መጣሁ» አልኩት።

ሄጄ መንገዱን አብረን ነዳነው። ባሕር ዳር ቢሆን ኖሮ ጥያቄው ራሱ አይነሣም ነበር፤ ሜዳ ነው፣ ሾክ አያስፈልገውም። እዚህ ግን ከአርዲቦ ወደ ሐይቅ የሚወርደው የእግር መንገድ የተበታተነ ጥቁር ድንጋይ ነው፤ ዳገቱ አቧራ፣ ማሳው ዳር ደግሞ ስንጥቅ መሬት። በደረቀው ሹካ ስንወርድ እጄ እስከ ክርኔ ደነዘዘ። ሾክ ያስፈልገዋል፣ በዚህ አልተከራከርኩም።

አልተከራከርኩም ያልኩት ግን ሰው ለማዞር ስለሆነ ነው። ጆንያ ለመጫን ቢሆን «ሾክ አትግዛ» እለው ነበር። ሩዋንዳ ውስጥ፣ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ2000ዎቹ አጋማሽ፣ ቶም ሪቺ የተባለው አሜሪካዊ የብስክሌት ሠሪ ለቡና ገበሬዎች ኋላው የረዘመ የጭነት ብስክሌት ነድፎ ነበር። ምክንያቱ ለቡና ሰው ወዲያው ይገባዋል፤ እሸቱ ተለቅሞ በሰዓታት ውስጥ መፈልፈያ ካልደረሰ ጥራቱ ይወርዳል። ያ ብስክሌት ፊቱ ላይ ሾክ አልነበረውም። ወርልድ ባይስክል ሪሊፍ በአፍሪካ ገጠሮች የሚያከፋፍለው ቡፋሎም ከኋላ 100 ኪሎ ይሸከማል፣ ሹካው ግን ደረቅ ብረት ነው። የሚገርመው፣ ያንን ድርጅት በ2005 እ.ኤ.አ. ከመሠረቱት አንዱ ኤፍ ኬ ዴይ የስራም ኩባንያም መሥራች ነው። ስራም ደግሞ ሮክሾክስን ከ2002 ጀምሮ የያዘ ኩባንያ ነው። ሾክ እየሸጡ የሚኖሩት ሰዎች ለጭነት ብስክሌት ሾክ አላደረጉለትም።

ወደ ልጁ ልመለስ። ቀላልነት ስንት ያወጣል? የድሮው ባለ ሞላ ፎርክ 2.5 ኪሎ ቢሆን፣ ሲዱ 1.5 ነው፤ ትርፉ አንድ ኪሎ። ልጁ ከነብስክሌቱና ከነውሃው 85 ኪሎ ይሆናል። ስለዚህ ያተረፈው አንድ በመቶ ከምናምን ነው፤ አንድ ሰዓት የሚፈጅ ዳገት ላይ 40 ሰከንድ ግድም። እንግዳውን ከላይ ሆኖ ለመጠበቅ 40 ሰከንድ ምን ያደርግለታል?

መካከለኛ ደረጃ ያለው ባለ አየር ፎርክ ደግሞ አለ፤ 2.2 ኪሎ ገደማ፣ አዲሱ 300 ዶላር አካባቢ። ከእሱ ወደ ሲዱ ለመዝለል 600 ዶላር ከፍላችሁ 700 ግራም ትቀንሳላችሁ፤ በኪሎ 857 ዶላር ማለት ነው። የኒውዮርክ አረቢካ በየካቲት 2025 እ.ኤ.አ. በፓውንድ ከ4 ዶላር ሲያልፍ ሁላችንም ጉድ ብለን ነበር፤ ያ በኪሎ 9 ዶላር እንኳ አይሞላም። ለሌለ ክብደት የሚከፈል ዋጋ ነው እንግዲህ ይሄ። ልጁ ሳቀ፣ ግን አልተዋጠለትም።

የዋጠው ሜትር አውጥቼ ቴላዮውን ስለካው ነው። ዋናው ነገርም ይህ ነው፦ ቀላል ፎርክ ብቻውን አይገዛም። የዛሬዎቹ ቀላል ፎርኮች አንገታቸው ከላይ ቀጭን፣ ከታች ወፍራም ነው። የልጁ ቴላዮ የድሮ ስለሆነ ከላይ እስከ ታች ቀጥ ያለ ቀጭን አንገት ብቻ ነው የሚያስገባው። ሲዱ በነፃ ቢመጣለት እንኳ አይገባም። የጎማው ማሠሪያም እንደዚያው፤ የእሱ ቸርኬ በ9 ሚሊ ማሠሪያ የሚገባ ሲሆን፣ አዲሶቹ ቀላል ፎርኮች 15 ሚሊ ወፍራም አክስል ይፈልጋሉ። ስለዚህ 900 ዶላሩ ላይ ቴላዮና የፊት ቸርኬ ይጨመራል። ኮንትራት ስትፈርሙ የመጋዘኑንና የትራንዚቱን ወጪ ትረሳላችሁ? አትረሱም። ይሄም ያው ነው።

ርዝመቱም አለ። የልጁ ብስክሌት የተሠራው 100 ሚሊ ለሚታጠፍ ሾክ ነው። ዱካ ላይ የሚነዱ ሰዎች ከ120 እስከ 150 ይወዳሉ፤ እሱም 140 ዓይኑ ገብቶ ነበር። ግን በየ20 ሚሊው የመሪው አንገት አንድ ዲግሪ ያህል ወደ ኋላ ይተኛል፤ ፊቱ ይነሣል፣ ዳገት ላይ ጎማው ይቅበዘበዛል፣ አሮጌው ቴላዮም ላልተሠራበት ጫና ይጋለጣል። 120 ይበቃዋል ብዬ ዘጋሁት።

የማልደራደረው አየሩ ላይ ነው። ሞላ ለአንድ ዓይነት ክብደት የተሠራ ነው፤ አየር ግን በመንፊያ ይስተካከላል። ዛሬ 55 ኪሎ የምትመዝን እንግዳ፣ ነገ 95 ኪሎ የሚመዝን እንግዳ ለሚያስተናግድ ልጅ ይህ ከ700 ግራም ይበልጣል። የብረት ሞላው ሲወጣም ክብደቱ ራሱ ይወርዳል። መንፊያው ግን የጎማ መንፊያ አይደለም፣ ለሾክ የተሠራች ትንሽ ባለ ጌጅ ናት። የነዳጅ ማደያ ኮምፕሬሰር እንዳታስጠጉበት።

ያገለገለ ስትገዙ እንደ ማሾ ናሙና መርምሩት። እኔ በፊት አንድ ያገለገለ ፎርክ ስገዛ የሚያብለጨልጨውን ቧንቧ በዓይኔ ብቻ አይቼ ተቀበልኩ፤ በሁለተኛው ሳምንት ዘይቱን ተፋ። ጥፍራችሁን በቧንቧው ላይ ከላይ እስከ ታች ጎትቱ፤ ከያዘ ጭረት አለ፣ ጎሚኒውን ይበላዋል፣ ተዉት። ነፍታችሁ አሳድሩት፤ ጠዋት ከወረደ አየር ያሾልካል። የታችኞቹ እግሮች በየ50 ሰዓት ንዳት ተከፍተው መጽዳትና ዘይት መቀየር አለባቸው፤ በአርዲቦ አቧራ ከዚያም ቢፈጥን ይሻላል። ጎሚኒው የማይገኝለት ፎርክ በስጦታም ውድ ነው።

ሦስት ኩንታል ሸጠ። አዲስ አበባ ቀጥ ያለ አንገትና 9 ሚሊ ማሠሪያ ያለው፣ 120 የሚታጠፍ፣ ያገለገለ ባለ አየር ፎርክ አገኘንለት፤ በሚዛን 2.3 ኪሎ። ብሩ ለፎርኩም ለመንፊያዋም በቃ።

ስንገጥመው አንድ ችግር መጣ። አየሩን በትክክል ነፍተን ሳለ መጨረሻው ላይ ደረቅ ይላል፣ ሁለት ሴንቲሜትር ያህል አልታጠፍም አለ። «ጋሼ፣ ተሸወድን እንዴ?» አለኝ። አልተሸወድንም። ፋብሪካ ቆላ ላይ፣ ባሕር አጠገብ ሲገጠም ታችኞቹ እግሮች ውስጥ የዚያ አገር አየር ይታፈናል። ከ2,000 ሜትር በላይ ሲወጣ የውጭው አየር በ3 ፒኤስአይ ግድም ይሳሳል፤ የታፈነው ግን ሊሰፋ ይገፋል። ወደ 80 ፒኤስአይ በሚነፋው ዋናው ክፍል ውስጥ ይህ አይታወቅም። እግሮቹ ውስጥ ግን ፎርኩ ሲታጠፍ ይበልጥ ይታመቅና መንገድ ይዘጋል። አንዳንድ ውድ ፎርኮች ይህን የሚለቅ ቁልፍ አላቸው። እኛ ቀጭን የፕላስቲክ ማሠሪያ ጫፏን ድቡልቡል አድርገን፣ ቧንቧው እንዳይጫር ተጠንቅቀን፣ በጎሚኒው ከንፈር ሥር ቀስ ብለን አስገባናት። ጭስስ አለ። ልጁ ተጭኖ ሞከረው፤ እስከ ታች ወረደ።

ወይፈኑ በረት አለ። ሁለቱ ኩንታል ማሾም እንደተቀመጠ ነው፤ ስለ እሱ ሰኞ ጠዋት ከገበያው መክፈቻ በፊት እጽፋለሁ።