የአንጎል ምርምርና የወላይታ ተሞክሮ

የአሜሪካ መንግሥት የሰውን አንጎል አሠራር ለመረዳት እ.ኤ.አ. በ2013 ግዙፍ የምርምር መርሐ ግብር ይፋ አድርጓል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም ከኬንያ፣ ከኡጋንዳና ከደቡብ አፍሪካ ተቋማት ጋር በመሆን የከባድ የአእምሮ ሕመምን የዘር መንስኤ በሚመረምረው ኒውሮጋፕ በተሰኘ ጥናት ተሳትፏል።

ይህን መሰሉ ጥናት የናሙና ሰጪውን በመረዳት ላይ የተመሠረተ ፈቃድ ይጠይቃል። ለዚህም የወላይታ ዞን ተሞክሮ አለው።

በዞኑ በባዶ እግር ቀይ አፈር ከመርገጥ ጋር በተያያዘው የእግር እብጠት በሽታ፣ በፖዶኮኒዮሲስ ላይ የተካሄደው የዘር ጥናት ውጤት እ.ኤ.አ. በ2012 ታትሟል። ተመራማሪዎቹ አስቀድመው የነዋሪውን ስጋት አጥንተው ነበር። ሕመሙ በዘር ይወረሳል መባሉ የቤተሰብን መገለል ሊያባብስ ይችላልና። ይሁንና ተጋላጭነቱ በዘር ቢወረስም በሽታውን ጫማ በማድረግ መከላከል ይቻላል።

መገለል የአእምሮ ሕሙማንንም ይጎዳል። በመሆኑም ለጥናት ፈቃድ የሚሰጡ ኃላፊዎች ማብራሪያው በነዋሪው ቋንቋ መዘጋጀቱንና ስጋቱን መመለሱን ሊያረጋግጡ ይገባል።