ብስክሌቱ ለምን «ሲጢጥ» ይላል? አያትና የልጅ ልጅ በአንድ ዕቃ ላይ

ዓርብ ጠዋት ጎህ ሲቀድ፣ በቂርያት ጋት ከተማ ካለ አንድ ሕንፃ አንድ የ17 ዓመት ልጅ ብስክሌቱን እየገፋ ይወጣል። ሦስተኛ ፎቅ ላይ አያቱ መስኮቱን ከፍተው ያዳምጣሉ። ልጁ ኮርቻው ላይ ወጥቶ ፔዳሉን መርገጥ ሲጀምር ድምፁ ይመጣል፦ ሲጢጥ፣ ሲጢጥ፣ ሲጢጥ። ዳገቱን ሲይዝ ደግሞ ይብሳል።

ስማቸው እንዳይጻፍ ስለጠየቁን አያትየውን «አባ» ብቻ እንላቸዋለን። ዕድሜያቸው 76 ነው። ብስክሌቱን ለልጅ ልጃቸው የገዙለት ከጡረታቸው በየወሩ ጥቂት ጥቂት እያስቀመጡ ባጠራቀሙት 4,200 ሸቀል ነው። አዲስ አይደለም፤ ሰው የነዳው፣ ቴላዮው ከካርቦን የተሠራ የውድድር ብስክሌት ነው። ሦስት ወር ሳይሞላው መጮህ ጀመረ።

ልጁ ወደ አንድ ሱቅ ወሰደው። ሠራተኛው ሁለት ደቂቃ ያህል አየት አደረገና «ቴላዮው ተሰንጥቆ ይሆናል፤ አዲስ ብትገዛ ይሻልሃል» አለው። የሸጠላቸው ሰው ደግሞ ስልክ አላነሳም። ልጁ አፍሮ ሁለት ሳምንት ሙሉ ለማንም አልተናገረም። «የአባባን ገንዘብ አቃጠልኩት ብዬ ነው» አለኝ። በመጨረሻ እሳቸው ራሳቸው ጠየቁት።

«አባባ፣ አንተ ይሄን አታውቀውም፤ ካርቦን ነው» አላቸው። እዚህ አገር የተወለዱ ልጆቻችን አንቱታው ይጠፋባቸዋል፤ አባም ለምደውታል።

«ካርቦኑን አላውቀውም፤ ድምፁን ግን አውቀዋለሁ» አሉት።

እንዴት አያውቁት! አባታቸው ጎንደር ውስጥ ብረት ቀጥቃጭ ነበሩ። አባም ከሰባት ዓመታቸው ጀምሮ ወናፍ ሲነፉ፣ ማረሻና ማጭድ ሲስሉ፣ መጥረቢያ ሲጠግኑ ነው ያደጉት። በ1991 በዘመቻ ሰለሞን ወደ እስራኤል ከገቡ በኋላ ግን መዶሻ በእጃቸው አልያዙም። ፋብሪካ ውስጥ በጽዳት ሥራ ኖረው ጡረታ ወጡ። ለልጆቻቸውም ስለ ሙያው ብዙ አላወሩም። ምክንያቱን ታላላቆቻችን ያውቁታል፤ በዚያ አገር ብረት የሚቀጠቅጥ ሰው «ቡዳ» ተብሎ ይሰደብ ነበር። የሠራውን ማረሻ ይገዙታል፣ እሱን ግን ይሸሹታል። «ስድቡን ለልጅ ላውርሰው እንዴ? ዝም አልኩ» ይላሉ አባ።

ድምፁ የሚወጣው ከየት ነው?

ብስክሌት ላይ ሁለቱን ፔዳሎች የሚያገናኝ አንድ ዘንግ አለ። ዘንጉ የሚያልፈው በቴላዮው ታችኛ ክፍል ባለ ክብ ቀዳዳ ውስጥ ነው። በቀዳዳው ግራና ቀኝ ኩሽኔታዎች ይገባሉ፤ ዘንጉ የሚሽከረከረው በእነሱ ላይ ነው። ይህን ክፍል በሙሉ ባለሙያዎች «ቦተም ብራኬት» ይሉታል። ከብስክሌቱ ዕቃ ሁሉ ትልቁን ጫና የሚሸከመው እሱ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። የፔዳሉ ክንድ ወደ 17 ሳንቲ ሜትር ይረዝማል፤ ሰው ቆሞ ሲረግጥ የሰውነቱ ክብደት ሁሉ በዚያ ክንድ በኩል ዘንጉን ይጠመዝዘዋል። በደቂቃ 90 ጊዜ የሚያሽከረክር ልጅ በአንድ ሰዓት 5,400 ጊዜ ያዞረዋል ማለት ነው።

ብዙ ሰው «ሲጢጥ» ሲል ኩሽኔታው ያለቀ ይመስለዋል። ያለቀ ኩሽኔታ ግን ብዙውን ጊዜ ያጉረመርማል፣ ይሻክራል እንጂ አይጮህም። ጩኸቱ በአብዛኛው የሚመጣው ኩሽኔታው ከተቀመጠበት ቤት ነው። የኩሽኔታው ቤትና የቴላዮው ቀዳዳ ሳይገጣጠሙ ሲቀሩ፣ ወይም በመካከላቸው አቧራና ላብ ገብቶ ሲደርቅ፣ በእያንዳንዱ ርግጫ በዓይን የማይታይ መንሸራተት ይፈጠራል። ድምፁ እሱ ነው።

አባ ይህን ለልጁ ያስረዱት በመጥረቢያ ነው። «መጥረቢያ እጀታው ከዓይኑ ጋር ካልተስማማ ይጮሃል። ዓይኑ ሰፍቶ እጀታው ከቀጠነ ሽብልቅ ትመታበታለህ፤ ለጊዜው ዝም ይላል፣ ነገ ተመልሶ ይጮሃል። መፍትሔው ልኩን ማወቅ ነው» አሉት።

መጀመሪያ ርካሹን መርምር

አባ አንድ ነገር ከለከሉ፦ ምንም ዕቃ ሳይመረመር አይገዛም። ይህ ለማንኛውም ቤተሰብ የሚሆን ምክር ነው። ካርቦን ድምፅ ያስተላልፋል፤ ከኮርቻው የወጣው ጩኸት ከእግር ሥር የወጣ ይመስላል። ስለዚህ አያትና ልጅ አንድ በአንድ ሄዱ።

ልጁ ከኮርቻው ተነሥቶ ቆሞ ነዳ። ድምፁ ቢጠፋ ኖሮ ችግሩ ኮርቻው ወይም የኮርቻው ምሰሶ ነበር። አልጠፋም። ቀጥሎ መርገጡን አቁሞ ብስክሌቱ በራሱ እንዲንከባለል ተወው። ድምፁ ቢቀጥል ጎማው መሐል ያለው ኩሽኔታ ይጠረጠር ነበር። ጠፋ። ስለዚህ ድምፁ ከርግጫው ጋር የተያያዘ ነው።

ከዚያ ፔዳሎቹን ፈቱ። እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ የቀኙ ፔዳል እንደ ማንኛውም ብሎን ሲፈታ፣ የግራው ግን በተቃራኒ ነው። ሁለቱም ጥርሳቸው ደርቆ ነበር። ጠርገው፣ ግሪስ ቀብተው፣ መልሰው አጠበቁ። የትልቁን ባለ ጥርስ ቀለበት ብሎኖችም አጠበቁ። ድምፁ በግማሽ ቀነሰ! ልጁ ደስ አለው፤ አባ ግን «ግማሽ ዝምታ ዝምታ አይደለም» አሉ።

ቀጥለው ካቴናውን ከጥርሱ አወረዱና የፔዳሉን ክንድ ይዘው ወደ ጎን ነቀነቁት። ትንሽ ልል ነበረ። ጥፋቱ እዚያ እንደሆነ ያን ጊዜ ታወቀ።

ስንጥቅ የተባለውስ? ይሄ ቀልድ አይደለም። ካርቦን ከተሰነጠቀ በሩጫ ላይ ሊሰበርና ልጅ ሊጎዳ ይችላል። ቴላዮውን በሳሙና አጥበው፣ በባትሪ ብርሃን የቀዳዳውን ዙሪያና የቧንቧዎቹን መጋጠሚያ ሁሉ ፈተሹ። በሳንቲም ቀስ ብለው እየነኩ አዳመጡ፤ ጤነኛ ቦታ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ የተጎዳ ቦታ ይደነቁራል። ምንም አልተገኘም። ጥርጣሬ ቢቀር ኖሮ ግን ብስክሌቱን ማቆምና ካርቦን ወደሚጠግን ባለሙያ መውሰድ ግድ ነበር። «ካርቦን መድኃኒት የለውም» የሚባለው እውነት አይደለም፤ የሚጠገንበት ጊዜ አለ፤ በባለሙያ እጅ ብቻ ግን።

የትኛው ዓይነት ነው የሚገዛው?

የቦተም ብራኬት ችግር ዓይነቱ መብዛቱ ነው። በጥቅሉ ግን ሁለት ወገን ነው፤ በጥርስ የሚጠመዘዝና ተገፍቶ የሚገባ።

በጥርስ የሚጠመዘዘው የቆየው ነው። በብዛት የሚታወቀው የእንግሊዙ፣ ቢ.ኤስ.ኤ. የሚባለው ሲሆን የቀዳዳው ስፋት ከጎን ወደ ጎን 68 ሚሊ ሜትር ነው። በዚህ ዓይነት የቀኙ ወገን የሚጠብቀው በተቃራኒ፣ ወደ ግራ በማዞር ነው፤ ይህን ሳያውቅ በጉልበት የሚያዞር ሰው ጥርሱን ይበላዋል። የጣሊያኑ ደግሞ 70 ሚሊ ሜትር ነው፤ በእሱ ሁለቱም ወገን ወደ ቀኝ ይጠብቃል።

ተገፍቶ የሚገባው የመጣው ቴላዮን ለማቅለልና ለማጠንከር ነው። ጥርስ የለውም፤ የሚይዘው ልኩ ብቻ ነው። ልኩ በጥቂቱ ከተዛባ ይጮሃል። ትልልቆቹ ሠሪዎችም ቅሬታውን ሰምተዋል፤ በ2020 ስፔሻላይዝድ ታርማክ ኤስ.ኤል. 7 የተባለውን ብስክሌት በቢ.ኤስ.ኤ. ጥርስ ሠራው። ትሬክም በዚያው ዓመት አዲሱን ኤሞንዳ ቲ 47 በሚባለው ሰፊ ባለ ጥርስ ዓይነት አወጣው። ስለዚህ ገና ልትገዙ ከሆነ፣ ባለ ጥርሱን ብትመርጡ ከብዙ ጣጣ ትድናላችሁ።

የልጁ ብስክሌት ግን ተገፍቶ የሚገባ፣ ቢቢ 86 የሚባለው ነው። የቀዳዳው ክብ 41 ሚሊ ሜትር፣ የጎን ስፋቱ 86.5 ሚሊ ሜትር ነው። የፔዳሉ ዘንግ የሺማኖ፣ ውፍረቱ 24 ሚሊ ሜትር ነው። ለእንዲህ ያለው ሁለት ምርጫ አለ። አንዱ እንደ መጀመሪያው ያለ የፕላስቲክ ቤት ያለው ነው፤ ርካሽ ነው፣ በትክክለኛ ቀዳዳ ውስጥም ጥሩ ይሠራል። ሌላው ከአልሙኒየም የተሠራና ሁለቱ ወገኖች ቴላዮው ውስጥ እርስ በርሳቸው የሚጠማዘዙበት ነው። እየጠበቁ ሲሄዱ ቴላዮውን ከሁለት ጎን ጨብጠው ይይዙታል፤ ኩሽኔታዎቹም በአንድ መስመር ይቀመጣሉ። አባ ዕቃውን በእጃቸው አገላብጠው አዩትና «ይሄኛው ሽብልቅ አያስፈልገውም፤ ራሱን በራሱ ያስራል» አሉ። እሱን በ300 ሸቀል ገዙ።

አገጣጠሙ

ሰፈር ውስጥ ብስክሌት የሚጠግን አንድ ወጣት መሣሪያዎቹን ይዞ መጣ። አባም ወንበር አምጥተው አጠገቡ ተቀመጡ።

በመጀመሪያ የግራውን ክንድ ሁለት ብሎኖች አላልቶ፣ ክዳኑን ፈትቶ፣ ክንዱን አወጣ። ዘንጉን በጎማ መዶሻ ቀስ እያለ ወደ ቀኝ ገፋው። አሮጌውን የፕላስቲክ ቤት ሲያወጣው በዙሪያው ነጭ ጨውና ጥቁር አቧራ ተጋግሮበት ነበር። ልጁ ዝም ብሎ አየው። ሁለት ሳምንት እንቅልፍ የነሣው እሱ ነበር።

ቀዳዳው በአልኮል ተጠረገ። ከዚያ አባ «ለካው» አሉ። ወጣቱ በካሊፐር በአንድ አቅጣጫ ሲለካው 40.96፣ በሌላው 40.97 ሚሊ ሜትር ወጣ። ክብነቱ ልክ ነው ማለት ነው። ልዩነቱ ሰፊ ቢሆን ኖሮ የትኛውም ውድ ዕቃ ዝም አያሰኘውም ነበር።

በጥርሱ ላይ ግሪስ ተቀባ። ካርቦንና አልሙኒየም በሚነካኩበት ቦታ ምን እንደሚቀባ ደግሞ የዕቃው ሠሪ በወረቀቱ ላይ ያዘዘውን ብቻ ተከተሉ፤ አንዱ ግሪስ ይላል፣ ሌላው የሚያጣብቅ ፈሳሽ ያዛል፤ በግምት አይሆንም። ዕቃው በመዶሻ ሳይሆን ቀጥ አድርጎ በሚገፋ መጭመቂያ ገባ። ጠምዞ ከገባ ቀዳዳውን ይልጠዋል። ከዚያ የኃይሉን መጠን በሚለካ ቁልፍ፣ በወረቀቱ ላይ በተጻፈው ልክ ጠበቀ።

ዘንጉ ተመለሰ። ክዳኑ በጣት ያህል ብቻ ይጠብቃል፤ ሥራው ልሉን ማስወገድ እንጂ መሸከም አይደለም። በመጨረሻ የክንዱን ሁለት ብሎኖች ተራ በተራ ከ12 እስከ 14 ኒውተን ሜትር አጠበቃቸው። ክንዱን ነቀነቁት፤ ልል የለም። አዞሩት፤ በነፃነት ዞረ።

ከመግዛታችሁ በፊት

ለልጅ ልጅ ያገለገለ ብስክሌት የምትገዙ ወላጆችና አያቶች ይህን ጠይቁ፦

1. ቦተም ብራኬቱ ባለ ጥርስ ነው ወይስ ተገፍቶ የሚገባ?
2. ልጁ ዳገት ላይ በጉልበት ሲረግጠው ይጮሃል? በለጥ ያለ ሜዳ ላይ ብቻ ሞክራችሁ አትግዙ።
3. ቴላዮው ወድቆ ያውቃል? በብርሃን ፈትሹት።
4. ሻጩ ስሙንና ዋጋውን የጻፈበት ወረቀት ይሰጣል?
5. የራስ ቁሩ፣ ካስዳው፣ ተገዝቷል? ከ18 ዓመት በታች ያለ ልጅ ያለ ካስዳ መንዳት በሕግ የተከለከለ ነው።

በሚቀጥለው ዓርብ ጎህ ሲቀድ ልጁ ብስክሌቱን ይዞ ወጣ። አባ መስኮቱን ከፈቱ። ዳገቱን እስኪጨርስ አዳመጡ። የሰሙት የካቴናውን ሹክሹክታ ብቻ ነው።

ሲመለስ ልጁ አንድ ጥያቄ ይዞ መጣ። «አባባ፣ አባትዎ መጥረቢያ እንዴት ነበር የሚሠሩት?» አላቸው። «አንተ» አላለም።

አባ ቡና እስኪፈላ ጠበቁ። ከዚያ ከወናፉ ጀመሩለት።