ለክላም ቦታ መምረጥ፦ ብርሃን፣ መደላድልና ትዕግሥት

በዩናይትድ ስቴትስ ሰሜን ምዕራብ ጠረፍ በምትገኘው ሲያትል፣ በታኅሣሥ ወር የቀኑ ርዝመት ወደ ስምንት ሰዓት ተኩል ያሽቆለቁላል። በዚህች ከተማ በቤቱ የኮራል ገንዳ ውስጥ የሞቃት ባሕር ክላም የሚያኖር ሰው፣ የጎደለውን ፀሐይ በመብራት መተካት ግድ ይለዋል።

ግዙፍ ክላሞች፣ በሳይንሳዊ ስማቸው ትሪዳክና፣ ሁለት ክዳን ያለው ዛጎል የለበሱ እንስሳት ናቸው። ከዛጎሉ አፍ የሚዘረጋው ኅብረ ቀለማዊ ሥጋ ካባ ይባላል። በካባው ውስጥ በዓይን የማይታዩ አልጌዎች ይኖራሉ፤ እነርሱም በብርሃን ኃይል ምግብ አዘጋጅተው ባለቤታቸውን ይቀልባሉ። ክላሙ ውኃውን እያጣራ ጥቃቅን ምግብ ቢለቅምም፣ ብርሃን ካጣ ቀስ በቀስ ይራባል። በመሆኑም የቦታ ምርጫ የሞትና የሕይወት ጉዳይ ነው።

ምርጫው ከዝርያው ይጀምራል። ክሮሲያና ማክሲማ የተባሉት ዝርያዎች በተፈጥሮ ከዐለት ጋር ተጣብቀው የሚኖሩና ብርቱ ብርሃን የሚሹ ስለሆኑ፣ በገንዳው ከፍ ያለ ድንጋይ ላይ ይቀመጣሉ። ዴራሳና ስኳሞሳ ግን በወለሉ አሸዋ ላይ ይስማማቸዋል። ሆኖም ከሥራቸው ጠፍጣፋ ድንጋይ ቢቀበር፣ ከእግራቸው በሚያወጧቸው ጠንካራ ክሮች ይይዙታል። እነዚህን ክሮች በጉልበት መንጨት እንስሳውን ሊገድለው ይችላል፤ ማዛወር ካስፈለገ ከነድንጋዩ ማንሳት ይመረጣል።

አቀማመጡም የራሱ ሥርዓት አለው። ካባው ወደ መብራቱ መዞር፣ ክዳኖቹም ሳይታገዱ መከፈት አለባቸው። ጠባብ ስንጥቅ ውስጥ የተሸጎጠ ክላም ካባውን መዘርጋት አይችልም። የፓምፑ ውኃ በቀጥታ ካባውን ከመታው ይኮማተራል፤ ለስለስ ያለ፣ ተለዋዋጭ ፍሰት ይበቃዋል። ከሚናደፉ ኮራሎችም መራቅ ይኖርበታል። አዲስ የመጣ ክላም በአንድ ጊዜ ለኃይለኛ መብራት አይጋለጥም፤ በዝቅተኛ ብርሃን ጀምሮ በሳምንታት ውስጥ ይለማመዳል። ጥላ ሲያልፍበት ፈጥኖ የሚከደን ከሆነ የጤንነት ምልክት ነው፤ አፉን በሰፊው ከፍቶ የሚዝል ከሆነ ግን አደጋ ላይ ነው።

ጉዳዩ ከአንድ ቤት ገንዳ ያልፋል። ለኢትዮጵያ ቅርብ በሆነው ቀይ ባሕር፣ ስኳሞሲና የተባለ የግዙፍ ክላም ዝርያ ይገኛል። ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጡት ጥናት፣ ይህ ዝርያ በጥንት ዘመን በብዛት ይኖር እንደነበረና ዛሬ እጅግ መመናመኑን፣ ለዚህም የሰው ልጅ ለቀማ ምክንያት ሳይሆን እንደማይቀር አመልክተዋል። የአሜሪካ የባሕር ዓሣ ሀብት ባለሥልጣን በበኩሉ በሐምሌ 2024 ዐሥር የግዙፍ ክላም ዝርያዎች በአደጋ ላይ ባሉ ፍጥረታት ሕግ ጥበቃ እንዲያገኙ ሐሳብ አቅርቧል። ዓለም አቀፍ ንግዳቸውም ቀድሞውኑ በሳይተስ ስምምነት ቁጥጥር ሥር ነው።

የሲያትል አኳሪየም በነሐሴ 2024 በከፈተው የውቅያኖስ አዳራሽ፣ ከ1.2 ሚሊዮን ሊትር በላይ ውኃ የሚይዝ የኮራል ገንዳ ለሕዝብ አሳይቷል። በቤቱ ሊሞክር የሚሻም ክላሙ ከባሕር የተለቀመ ሳይሆን በእርባታ ጣቢያ ያደገ መሆኑን አስቀድሞ ቢጠይቅ ይበጃል። ከዚያም ቦታውን አንዴ በማስተዋል መርጦ እጁን መሰብሰብ ነው፤ በየቀኑ የሚነካካ ክላም ሥር አይሰድም።