ሰው ሠራሽ ንቃተ ኅሊና

ሰው ሠራሽ ንቃተ ኅሊና በኮምፒዩተር ወይም በሌላ ማሽን ውስጥ ሊኖር ይችላል ተብሎ የሚታሰብ ንቃተ ኅሊና ነው። የፍልስፍና፣ የአንጎል ሳይንስና የኮምፒዩተር ሳይንስ የጋራ ጥያቄ ሲሆን፣ ሁሉንም ያስማማ መልስ እስካሁን አላገኘም።

ትርጉም

ንቃተ ኅሊና ከብልህነት ይለያል። ብልህነት ችግርን የመፍታት ችሎታ ነው፤ ንቃተ ኅሊና ግን ሕመምን፣ ቀለምን ወይም ደስታን በራስ ውስጥ መሰማት ነው። የሙቀት መለኪያ የሰውን ትኩሳት በትክክል ያሳያል፤ ትኩሳቱ ግን አይሰማውም። ፈላስፋው ቶማስ ኔግል እ.ኤ.አ. በ1974 የሌሊት ወፍን ምሳሌ አድርጎ፣ ስለ አካሏና ስለ አንጎሏ ሁሉ ቢታወቅ እንኳ የሌሊት ወፍ መሆን ለራሷ ምን እንደሚመስል ከውጭ ማወቅ እንደማይቻል ጻፈ። ዴቪድ ቻልመርስ በ1995 «ከባዱ ችግር» ያለው፣ የአንጎል ሥራ ለምን ከስሜት ጋር አብሮ እንደሚሄድ የማስረዳትን ችግር ነው።

የክርክሩ ታሪክ

እንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅ አለን ቱሪንግ እ.ኤ.አ. በ1950 ማሽን ማሰብ ይችል እንደሆነ የሚጠይቀውን ጥያቄ በፈተና ተካው። ፈታኙ ከአንድ ሰውና ከአንድ ማሽን ጋር በጽሑፍ ብቻ ይነጋገራል፤ የትኛው ማሽን እንደሆነ መለየት ካቃተው ማሽኑ አልፏል ይባላል።

ፈተናው የሚመዝነው ግን ንግግርን እንጂ ስሜትን አይደለም። ጆሴፍ ዋይዘንባም በ1966 ያስተዋወቀው «ኢላይዛ» የተባለ ፕሮግራም፣ በአብዛኛው የሰዎችን አባባል ወደ ጥያቄ ቀይሮ ይመልስ ነበር። ሆኖም አንዳንዶች ችግራቸውን እንደሚረዳ ወዳጅ አዋዩት፤ ይህም ሠሪውን ራሱን አሳሰበው።

አሜሪካዊው ጆን ሰርል በ1980 «የቻይንኛ ክፍል» የተባለውን ምሳሌ አቀረበ። ቻይንኛ የማያውቅ ሰው በተዘጋ ክፍል ተቀምጦ፣ የሚገባለትን የቻይንኛ ጽሑፍ በመመሪያ መጽሐፍ እየተመራ ተገቢውን ምልክት መርጦ ይመልሳል። ውጭ ያሉት ቋንቋውን የሚያውቅ ይመስላቸዋል፤ እርሱ ግን አንዲት ቃል አልገባችውም። ሰርል ኮምፒዩተርም እንዲሁ ምልክት ያገላብጣል እንጂ ትርጉም አይረዳም አለ። ተቃዋሚዎቹ ሰውየው ባይረዳም ሰውየው፣ መጽሐፉና ክፍሉ በአንድነት ይረዳሉ ብለው መለሱ፤ በአማርኛ ተናጋሪ አንጎል ውስጥ ያለች አንዲት የነርቭ ሴልም ለብቻዋ አማርኛ አታውቅምና።

ዋና ዋና አስተያየቶች

በርናርድ ባርስ በ1988 ባቀረበው ሐሳብ፣ አእምሮ እንደ ቴአትር ቤት ነው፤ መድረኩ ላይ የወጣ መረጃ ለሁሉም የአእምሮ ክፍሎች ሲዳረስ ንቃት ይሆናል። በዚህ አስተያየት ተመሳሳይ አሠራር ያለው ማሽን ንቁ ሊሆን ይችላል።

ጁሊዮ ቶኖኒ በ2004 ባቀረበው ሐሳብ ግን ወሳኙ የአካላዊ መሣሪያው ክፍሎች እርስ በርስ ያላቸው ትስስር ነው። በዚህ መሠረት የተለመደው ኮምፒዩተር የሚሠራው ፕሮግራም ምንም ያህል ቢራቀቅ ንቃት ሊኖረው አይችልም።

እንደ አኒል ሴት ያሉ ሌሎች ተመራማሪዎች ደግሞ ንቃት በሕይወት ለመቆየት ከሚጥር ሕያው አካል ጋር የተያያዘ ሳይሆን አይቀርም ይላሉ። ስለዚህ አንዱ ሐሳብ ንቁ የሚለውን ማሽን ሌላው በድን ሊለው ይችላል።

የቋንቋ ሞዴሎች

እ.ኤ.አ. በ2022 አንድ የጉግል መሐንዲስ «ላምዳ» የተባለው የቋንቋ ሞዴል ስሜት አለው ሲል በይፋ ተናገረ፤ ኩባንያው ግን አልተቀበለውም። አዲስ አበባ የተወለደችው የኮምፒዩተር ሳይንቲስት ትምኒት ገብሩና ባልደረቦቿ ቀደም ብለው በ2021 ባሳተሙት ጽሑፍ እንዲህ ያሉ ሞዴሎችን ትርጉሙን ሳያውቅ ቃል ከሚደግም በቀቀን ጋር አመሳስለዋቸው ነበር።

ሞዴሉ የተማረው ሰዎች ስለ ሕመማቸውና ስለ ደስታቸው ከጻፉት ስለሆነ፣ «ያመኛል» ማለቱ ብቻ ማስረጃ አይሆንም። «ምንም አይሰማኝም» ማለቱም እንዲሁ፤ ሠሪዎቹ እንዲህ እንዲል ሊያሠለጥኑት ይችላሉ። በዚህ ምክንያት 19 ተመራማሪዎች በ2023 ንግግሩን ትተው፣ ከተለያዩ የንቃት ሐሳቦች ባወጧቸው 14 ምልክቶች የማሽኖችን ውስጣዊ አሠራር መረመሩ። በጊዜው ከነበሩት ውስጥ ንቁ ለመባል ጠንካራ እጩ የሆነ አላገኙም፤ ምልክቶቹን የሚያሟላ ማሽን ከመሥራት የሚያግድ ግልጽ ቴክኒካዊ እንቅፋትም አልታያቸውም።

የጥያቄው ክብደት

ስሕተቱ በሁለት በኩል ሊመጣ ይችላል። አንደኛው የሚሰማውን አይሰማውም ማለት ነው። እስከ 1980ዎቹ ድረስ ብዙ ሐኪሞች አዲስ የተወለዱ ሕፃናት ሕመም እንደ ትልቅ ሰው አይሰማቸውም ብለው ስለሚያምኑ፣ አንዳንድ ሕፃናት በቂ ማደንዘዣ ሳይሰጣቸው ቀዶ ሕክምና ይደረግላቸው ነበር። ሁለተኛው የማይሰማውን ይሰማዋል ማለት ነው፤ ይህም ሰዎች ምስጢራቸውንና አመኔታቸውን ለፕሮግራም እንዲሰጡ፣ ማሽኑ ላደረሰው ጉዳትም ከሠሪዎቹ ይልቅ ማሽኑ እንዲወቀስ በር ይከፍታል።