ስለ ሕፃናት መቀየሪያ ፍራሽ ልብስ

የሕፃን ሽንት ጨርቅ የሚቀየርበት ትንሽ ፍራሽ በመደብሮች መታየት ከጀመረ ወዲህ፥ ልብሱን ለሚያስመጣው ነጋዴ አንድ ጥያቄ አብሮ መጥቷል፤ ይኸውም በሕፃኑ ራቁት ገላ ላይ የሚያርፈው ጨርቅ በምን ተነክሮ ተሠራ የሚለው ነው።

እንዳይጨማደድ ሆኖ የተሠራ ጥጥ ብዙ ጊዜ ፎርማልዴሃይድ ያለበት ሙጫ የጠጣ ነው፤ ይህም ቆዳን ያስቆጣል። እ. ኤ. አ. በ1992 ዓ. ም. የተጀመረው የኦኮ-ቴክስ ስታንዳርድ 100 ምልክት ስለዚህ ነገር ጥብቅ ነው። ይሁን እንጂ አስመጪው ምልክቱን ብቻ አይቶ እንዳይረካ፤ ክፍሉን ይመልከት። እስከ 3 ዓመት ላሉ ሕፃናት የተመደበው 1ኛው ክፍል ሲሆን፥ ገላ ለሚነካ የአዋቂ ልብስ የተመደበው 2ኛው ክፍል ግን በአንድ ኪሎ ጨርቅ እስከ 75 ሚሊግራም ፎርማልዴሃይድ ይፈቅዳል። ሻጩ የሚያሳየው ወረቀት የ2ኛው ክፍል ከሆነ፥ ዋጋው ቢረክስም ለዚህ ዕቃ አይሆንም። የምስክር ወረቀቱም ቁጥር ገንዘብ ከመላኩ አስቀድሞ ከሰጪው ድርጅት መዝገብ ጋር ይመሳከር፤ ናሙናው ሌላ፥ የተጫነው ሌላ ሆኖ መገኘቱ በንግድ ዓለም አዲስ ነገር አይደለም።

ውኃ እንዳያሳልፍ ላስቲክ የተለበጠበት ከሆነ፥ ቪኒል መሆን አለመሆኑ ይጠየቅ፤ ቪኒል ብዙ ጊዜ የሚለሰልሰው ፍታሌት በተባሉ ቅመሞች ነውና።

በእኛ አስተያየት ቀለም ያልነካው አቡጀዲ ለዚህ ሥራ የሚናቅ አይደለም። በመጀመሪያው እጥበት ስለሚኮማተር ግን ታጥቦ ይሰፋ፤ አለዚያ ፍራሹን አይሸፍንም፥ ደንበኛውም ይዞት ይመለሳል።