የሥላሴን ሥዕሎች በሴንሰርና በዲጂታል ካሜራ

እንደሚታወቀው የጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ1979 በዩኔስኮ ከተመዘገበው ከፋሲል ግቢ ቅርስ ጋር ይቆጠራል። የገባ ሰው ሁሉ ቀና ብሎ የጣሪያውን መላእክት ነው የሚያየው። እኔ ግን ዛሬ ስለ ግድግዳው ልጻፍ።

ሥዕሉ ግድግዳው ላይ በተለጠፈ የጥጥ ጨርቅ ላይ ነው ያለው። ጨርቅ ደግሞ እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰበሰባል። ክረምትና በጋ ሲፈራረቁ ቀለሙ ከጨርቁ፣ ጨርቁም ከግድግዳው ይላቀቃል። ጉዳቱ በዓይን ሲታይ ግን ብዙ ጊዜ መሽቷል።

ሴንሰር የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። የክብሪት ቀፎ የምታክል መሣሪያ በየሰዓቱ ሙቀትና እርጥበት እየለካች በሬዲዮ ሞገድ ወደ መቀበያ ትልካለች። ልኩ ሲያልፍ ለኃላፊው በሞባይል መልእክት ይደርሰዋል። በቻይና ዱንሁዋንግ ዋሻዎች እንዲህ እየተለካ፣ እርጥበት ሲበዛ ዋሻው ለጎብኚ ይዘጋል። እኛ ጋ ቅዳሴ አይዘጋም! ሆኖም ጣሪያው የት እንደሚያፈስ፣ በር መቼ እንደሚከፈት፣ ጎብኚ በስንት በስንት እንደሚገባ ከቁጥሩ መወሰን ይቻላል። ኔትወርክ በማይደርስባቸው የደጋ ደብሮች ደግሞ መረጃውን ይዛ የምትቆይ ባለ ባትሪ መሣሪያ ትበቃለች።

ካሜራውስ? በየዓመቱ ከአንድ ቦታ፣ በአንድ ዓይነት ብርሃን፣ የቀለም መለኪያ ካርድ ተይዞ ይነሳል። ብርሃን ከጎን ሲበራ ያበጠው ቦታ ጥላ ይጥላል፤ በኢንፍራሬድ ደግሞ ከቀለሙ ሥር ያለው የከሰል ንድፍ ሊታይ ይችላል። ኮምፒዩተር ያምናውንና የዘንድሮውን ደርቦ ልዩነቱን ያሳያል።

ታዲያ አንድ ነገር ያሰጋኛል። እ.ኤ.አ. በ1932 የፈረንሳዩ ማርሴል ግሪዮል ቡድን የጎንደር አባ እንጦንስን ሥዕሎች አንስቶ በምትካቸው ቅጂ አስቀመጠ። ዋናዎቹ ዛሬ ፓሪስ በኬ ብራንሊ ሙዚየም ናቸው። ቅጂ ስላለ ዋናው ይሂድ ማለት ምን እንደሚያስከትል ከእኛ በላይ ማን ያውቃል? ዲጂታል ምስልም እኮ ቅጂ ነው። «ፎቶው አለን» ብለን ግድግዳውን ከተውነው ያው ነው።

ስለዚህ በእኔ አስተያየት ሦስት ነገር ይቅደም፦ መረጃው መጀመሪያ በደብሩና በከተማችን ይቀመጥ፤ መሣሪያውን ማንበብ ካህናቱ ይሠልጥኑ፤ መሣሪያ ሲገዛ የጣሪያ ጥገና በጀት አብሮ ይያዝ። ሴንሰር ይናገራል እንጂ አይጠግንም።